ሳክስፎኔን ቅቤ የሚቀባው ሰው

ይድረስ ለወንድምዓለም ለምንይችል፤ አዲስ አበባ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ከሰላምታውም አስቀድሞ፣ ኑዛዜ አለብኝ። አንድ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ሁለት ጉልበቴን ጭድ ላይ አንበርክኬ እናገራለሁ፤ የአያ ቢሻውን የበዓል ኩታ ጫፍ የበላችው አይጥ እኔ ነኝ። የበላሁት በመቀስ ነው። ለንስሐ አባታችን እንዳልናገር እሳቸውና አያ ቢሻው አንድ ማሰሮ ጠላ ከበው የሚውሉ ወዳጆች ናቸው፤ ጠላ ደግሞ ምስጢር አይቋጥርም። ስለዚህ ነፍሴን ላንተ አደራ ሰጥቻለሁ፤ አንብበህ ስትጨርስ ወረቀቱን ቅደደው።

አሁን ሰላምታው ይከተል። እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ክረምት የጀመረህ ሳል ለቀቀህ ወይስ ተላምዳችሁ አብራችሁ መኖር ጀመራችሁ? ሆቴሉ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ቆመህ ስታስተናግድ እግርህስ እንዴት ይሆናል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት፣ ላሟ ደህና ናት፣ የአያ ቢሻው ፈረስ ቦራ ከሁላችንም በላይ ደህና ነው። ደህና ያልሆነችው የላክህልኝ ሳክስፎን ናት።

በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ። የግቢው ስልክ አያ ቢሻው ኪስ ውስጥ ነው የሚያድረው። ስትደውል ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ይወጣሉ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ይለቁታል፣ ያንተን ሰላምታ መንደሩ በሙሉ እጅ ነስቶ ይቀበላል። በዚያ ስልክ ምስጢር አልፎ አያውቅም። ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ሳክስፎኗን ያመጣልን ሹፌሩ ስማቸው ነው፤ ነገ ጠዋት ድንች ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ጭንቁም እዚህ ላይ ነው። ከድንቹ ጋር እሷንም እንዲጭን አያ ቢሻው ነግረውታል። «መኪናው በራችን ላይ ሲቆም በሰው ፊት ከተናገረች ትቅር፤ ካልተናገረች ወደ መጣችበት ትመለስ፣ ልጁ ይሽጣትና ጫማ ይግዛባት» ብለዋል። አባታችን ካረፈ ወዲህ የአያ ቢሻው ቃል የአጎት ቃል መሆኑ ቀርቶ የዳኛ ፍርድ ሆኗል፤ ይግባኝ የለውም።

እሷ ደግሞ አትናገርም። አንድ ሰው እየተተናኮላት ነው። ማን እንደሆነ ደርሼበታለሁ፤ ግን በተራ ልንገርህ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አንተን ነው። አትቆጣ፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው ያሳደጉን እነሱ ናቸው። የሆቴላችሁ ባንድ ልጅ አዲስ ገዝቶ አሮጌዋን ሲሸጥልህ «እንደ አዲስ ናት» አለህ፣ አንተም አመንከው። አንተ እኮ አዘና ገበያ ላይ የሚያነክስ በግ «ደስ ብሎት ነው» ተብሎ የተሸጠልህ ሰው ነህ። ነጻ ያወጡህ ጋሽ አየነው ናቸው። ጋሽ አየነው ዳንግላ የሚያስተምሩኝ ሰውዬ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በወታደር ባንድ ሲነፉ ኖረው ጡረታ የወጡ። የፊት ጥርሳቸው ስለረገፈ አሁን መንፋት አይሆንላቸውም፤ ዜማውን በአፋቸው እያሉ፣ ስሳሳት እግሬን በከዘራ እየነኩ ነው የሚያስተምሩኝ። እሳቸው እያንዳንዱን ቁልፍ ተጭነው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ባትሪ አብርተው ውስጧን አይተው «ወንድምሽ አልተሞኘም፤ ጎኗ ላይ ጠባሳ አለባት እንጂ አንጀቷ ጤነኛ ነው» አሉ። ስለዚህ ይቅር በለኝ።

ከእንጅባራ ዳንግላ በሚኒባስ ስመላለስ ግን ተጠርጣሪዋ እኔ ነኝ። ረዳቱ ሳጥኗን አይቶ «እህቴ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?» አለኝ። «የሙዚቃ መሣሪያ» ስለው ሰው ሁሉ «መሣሪያ» የምትለዋን ብቻ ሰማ። አንድ ሽማግሌ ዳንግላ እስክንገባ ድረስ ዓይናቸውን ከሳጥኗ ሳይነቅሉ ዳዊት ደገሙ። ስወርድ «እግዜር ልቦና ይስጥሽ» አሉኝ። አሜን ብያለሁ።

ትምህርቱ እንዳሰብኩት አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን ድምፅ የለም፤ ትንፋሽ ብቻ። አፏ ላይ የምትታሰር ሪድ የሚሏት ስስ የሸምበቆ ቁራጭ አለች፤ በምራቅ ካልራሰች ታኮርፋለች፣ ሳትፈታ ከታደረች ትጣመማለች። ከነፋሁ በኋላ ውስጧ የቀረውን እርጥበት በክር የታሰረ ለስላሳ ጨርቅ አሳልፌ መሳብ አለብኝ። ለስላሳ ጨርቅ ደግሞ በግቢያችን ከአያ ቢሻው ኩታ ሌላ የት አለ? አሁን ገባህ? አንዲት ስንዝር ናት። ክር አሰርኩባትና ማንም እንዳያያት ሥራዬን ስጨርስ እዚያው የሳክስፎኗ ጉሮሮ ውስጥ እወትፋታለሁ።

አያ ቢሻው ጉድለቱን ያዩት በጥር ሃያ ሦስት፣ በፈረሰኞች በዓል ጠዋት፣ ቦራ ተሸልሞ እየጠበቃቸው ነው። ጥለቱ ከግማሽ በታች የለም! ሚስታቸውን እትዬ ይታይሽን «የልብስ ሳጥኑ ውስጥ ፍርፋሪ ጥለሽ ነው» ብለው ተቆጡ፤ ድመቷን «ለወተቱ እንጂ ለሥራው የለሽበትም» ብለው በጫማ ወረወሯት። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይባላል፤ እኛ ቤት ድመት ተመታች። እኔም አጠገባቸው ቆሜ «ምን ዓይነት ጥርስ ቢኖራት ነው እንዲህ ቀጥ አድርጋ የበላችው?» እያልኩ አብሬ አዘንኩ። ኩታው ለክብር ስለማይሆን አሁን ወደ ገበያ ልብስነት አውርደውታል።

የዚያን ዕለት ጋሽ አየነው ፈረሶቹን ለማየት ከዳንግላ መጥተው ምሳ እኛ ቤት በሉ። ለምኜ ነው ያመጣኋቸው፤ ስለ ሳክስፎኗ በጎ ቃል ይናገሩልኝ ብዬ። ተናገሩልኝም። «ከየቁልፉ ሥር ክብ ክብ ቆዳ አለ፤ አየሩን የሚይዘው እሱ ነው። ቆዳው ከደረቀ አየር ያመልጣል፣ ድምፅ ይሞታል» አሉ። ጭስም አይስማማትም፣ ከምድጃ ትራቅ አሉ። አያ ቢሻው አጥንታቸውን እየጋጡ «እህ» ብቻ አሉ። በማግስቱ ከኮርቻቸው ጋር ፈረስ ቤቱ ጎን ባለችው ጎጆ እንድትቀመጥ ራሳቸው ፈቀዱ። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው። አያ ቢሻው ሳይለመኑ የፈቀዱት ነገር መቼ ኖሮ ያውቃል?

ከዚያ ወዲህ ሳጥኗን በከፈትኩ ቁጥር እጄ ይንሸራተታል። ቆዳዎቹ ወዝተዋል፤ ቁልፉን ስጫነው «ጭብ» ብሎ ይቀራል፣ ስለቀው አይነሳም። ሽታዋ የሳክስፎን ሳይሆን የሠርግ ቤት ነው። ቅቤ! በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ጠርጌ እሄዳለሁ፤ ስመለስ እንደገና ተቀብታ አገኛታለሁ። ጋሽ አየነው ገና ስንጀምር ዳንግላ ቤታቸው «ቅባት አንገቷ ላይ ላለው ቡሽ ብቻ ነው፤ ቆዳው ቅባት ከነካው አለቀለት» ብለው አስጠንቅቀውኝ ነበር። እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ጠላት ነው ያለው ማለት ነው።

ሁለተኛዋ ተጠርጣሪ ጎረቤታችን አረቄ አውጪዋ እማማ በቀለች ነበሩ። ሳክስፎኗን መጀመሪያ ያዩ ቀን ዙሪያዋን ዞረው «አዪ ልጄ፣ ይህ ቱቦ በትንፋሽ ከሚባክን አረቄ ቢያወርድ! አንድ ቀን አውሽኝ፣ አጥቤ እመልስልሻለሁ» ብለውኝ ነበር። አፍንጫዬን ጉሮሮዋ ውስጥ ከትቼ የጌሾ ሽታ ፈለግሁ፤ የለም። እሳቸውም ነጻ ወጡ።

እናታችን ደግሞ የጠረጠረችው እኔን ነው። የቅቤው ቅል እየጎደለ ነውና ጠርታ ፀጉሬን አሸተተች። «ራስሽ ላይ የለ፣ ወጡ ውስጥ የለ፤ የት አደረስሽው?» ትለኛለች። ቀጥላም ወደ ጉንጬ ታልፋለች፤ «እንዲህ እንደ ወናፍ እየነፋሽ ማን ሊያገባሽ ነው?» አንጥረኛ ያገባኛል ብያት ማማሰያ አነሳችብኝ።

የቀሩት አያ ቢሻው ናቸው። ምክንያትም አላቸው። ሳክስፎኗ የመጣች ሰሞን አንድ እግራቸውን እርካቡ ላይ አሳርፈው ሌላውን ሊያነሱ ሲሉ እኔ ከጓሮ ያንን ወፍራም ድምፅ ለቀቅሁት። ቦራ ወደ ጥርባ መንገድ፣ አያ ቢሻው ወደ ሳማው። ሳማ ላይ የተቀመጠ የፈረሰኞች ሽማግሌ አይተህ ታውቃለህ? ሲነሱ የተናገሩትን ይህ ወረቀት አይችለውም። ከዚያ ወዲህ «የነሐስ ፍየል» ነው የሚሏት። ጎጆዋን ጠዋት ከፍተው ማታ የሚቆልፉት ደግሞ እሳቸው ናቸው፤ ቁልፉ ከማተባቸው ጎን ተንጠልጥሎ ነው የሚያድረው። ከሰው ፊት ፍርድ ሰጥተው ከሰው ጀርባ አፏን የሚዘጉ ይመስለኛል። የሚገርመው ደግሞ ለወትሮው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ኮርቻቸው ዘንድሮ ደርቆ ሲቀመጡበት እንደ አሮጌ በር ያቃስታል። ተንኮል ሰውን ከሥራው ያዘናጋል ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ሰው ሁሉ ገበያ ሲወጣ «ራሴን አመመኝ» ብዬ ቀረሁ። አሁን የምጽፍልህ በዚያችው ጎጆ ውስጥ፣ ከገብሱ ጭድ ጀርባ ተቀምጬ ነው። ጨርቋን ደህና አድርጌ ሳልወትፋት ኮቴ የሰማሁ መስሎኝ ዘልዬ ተደበቅሁ፤ ድመቷ ነበረች።

ወንድምዓለም፣ ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልንገርህ። ቅቤው ሳይጀምር፣ በበዓሉ ዋዜማ ሳምንት፣ ዳንግላ አንድ ዜማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳልሰብር ተወጣሁት። ጋሽ አየነው ከዘራቸውን ግድግዳ አስደገፉት። ከእጃቸው ሲያወጡት አይቻቸው አላውቅም። በሚኒባስ ስመለስ ሳጥኗን እግሬ ሥር ሳይሆን ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። ነገ ከሄደች ሌላ እንደማትመጣ አውቃለሁ፤ ያንተ ጫማ እንዴት እንደሆነም ስማቸው ነግሮኛል። ቢሆንም ከደወሉልህ «አልቀበልም» በላቸው። ጉብታው ላይ ሆነው መንደሩ ሁሉ እየሰማ በላቸው፤ ያኔ እሷን መልሶ አልቀበልም ማለት ያፍራሉ።

ሰላምታውን ከወዲሁ ላስቀምጥ፤ ከተያዝኩ ሳይቋጭ እንዳይቀር። እናታችን አንገትህን አቅፋ ትስምሃለች፤ ካፖርትህን ሳትቆልፍ እንዳትወጣ ትልሃለች። እትዬ ይታይሽ ጤና ይስጥልኝ ይሉሃል። እማማ በቀለች አዲስ አበባ ውስጥ ረዘም ያለ ቱቦ ካየህ አስታውሰኝ ብለዋል። አብሮህ ለሚኖረው ጓደኛህ ሰላም በልልኝ፤ ሳክስፎኗን ለሸጠልህም ልጅ፣ ሪድ ከተረፈው እንዳይጥል ንገረው። ድመቷ ከዱላው አገግማ እጅ ትነሳለች። አያ ቢሻውም ሰላም ብለውሃል ልበል፣ እሳቸው ባያውቁትም።

እህትህ ፍቅርአዲስ
እንጅባራ፣ የካቲት ፲፱ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም.

ቆይ። አሁንስ የእውነት ኮቴ ነው።

አያ ቢሻው ናቸው! አላልኩህም? በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ቅቤ ነው፤ ሽታው እዚህ ድረስ መጣ። ኮርቻው ፊት ለፊታቸው ተሰንጥቆ ተሰቅሏል፤ ቀና ብለውም አላዩት። ሳጥኗን ከፈቱ። ዘልዬ ልጮህባቸው ነበር፤ ግን አያያዛቸው ከለከለኝ። ጭናቸው ላይ አስተኝተዋታል። የቦራን ልጓም እንደሚያለሰልሱት በአውራ ጣታቸው እያንዳንዷን ቆዳ ቀስ እያሉ ያሿታል። ለቦራ እንደሚያወሩት በአዊኛ ያባብሏታል። ቀጥለው ወደ አማርኛ ዞሩ፤ አዲስ አበባ ያደገች ስለሆነች አትሰማ ይሆናል ብለው መሰለኝ።

«እሺ በይኝ እንጂ፣ የኔ ልጅ። ከኮርቻው ቀንሼ እኮ ነው የማመጣልሽ። ቆዳሽ ከለዘበ ምን ቀረሽ? ነገ በሰው ፊት ተናገሪልኝ። እኔ እንደሁ አንዴ ከአፌ አውጥቻለሁ፣ አልውጠው፤ ዝም ካልሽ ያቺ ልጅ ታለቅስብኛለች።»

ምንይችል፣ ከላይ የጻፍኩትን ጥርጣሬ ሁሉ ሰርዘው። ጋሽ አየነው «ቆዳው ከደረቀ ድምፅ ይሞታል» አሉ እኮ! ለአያ ቢሻው የደረቀ ቆዳ መድኃኒቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ነው። ለፈረሰኛ ሽማግሌ «ቅቤ አይቀባም» የሚለውን ግማሽ የነገረ የለም። እኔ ስጠረጥራቸው ሰነበትኩ እንጂ መቼ ጠየቅኋቸው? ልውጣና ልንገራቸው። አብረን ከጠረግናት ለነገ ትደርሳለች፤ እሳቸው ይይዟታል፣ እኔ

ቆይ፣ ክሩን አዩት። ከጉሮሮዋ ይስባሉ። ወጣ። ወደ በሩ ብርሃን ወስደው ዘረጉት። የለበሱትን ኩታ ጫፍ አንስተው ጥለቱን ከጥለቱ አጠገብ አደረጉ። ገጠመ።

ድመቷ ደፉ ላይ ተቀምጣ ጭዱ ላይ አፍጣለች። ድመቷን አዩ፣ ጨርቁን አዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጭዱ ዞሩ።

«ፍቅርአዲስ!»