ከጎኑ ማን ነበር

2016 ዓ.ም.

ኅዳር 12

ውሃ ዛሬም አልመጣም። ልጄን አቢጊያን ጉንፋኑ ለቀቅ አድርጓታል። ክሊኒኩ ሰው በዝቶበት ነበር፤ ካርድ ክፍል ቁጭ ብዬ ስም ስጽፍ፣ ካርድ ሳወጣ፣ ስመልስ ዋልኩ። ቤት ስገባ ደግሞ ሌላ ካርድ...

መነኩሲቷ ሲስተር ቬሮኒካ ታመው ወደ አገራቸው ጀርመን ሲመለሱ "ለልዩ ስጧት" ብለው የተዉልኝ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። እዚያው አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው የሞቱ ወታደሮች ካርድ ነው። መዳፍ የሚያክል። የልጁ ፎቶ ከነመለዮው፣ ስሙ፣ የሞተበት ቀንና ቦታ፣ ከሥር ጸሎት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልጅ የሞተበት ቤተሰብ እያሳተመ ቤተ ክርስቲያን ለመጣው ያድል ነበር አሉኝ አንዴ። ሰው ጸሎት መጽሐፉ ውስጥ ይከተዋል። የመንደራቸውን ልጆች እንዲህ ሰብስበው ኖረው ለእኔ አወረሱኝ።

አማቴ አዴ አረጋሽ ዛሬ አዩብኝ።

"የሰው አገር ሬሳ ቤቴ ውስጥ ምን ይሠራል?"

"ፎቶ እኮ ነው፣ እማዬ።"

"ፎቶም ቢሆን። ልጄ በሌለበት..." አልጨረሱትም።

ልጃቸው ማለት ባሌ ቶኩማ ነው። ሰሜን ዘምቶ፣ ካቻምና ነሐሴ ላይ ከደወለ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ሞተ ያለ የለም። አለ ያለም የለም።

ኅዳር 15

መንገድ ተዘግቷል። ከአምቦ ወደ ጉደርም ወደ ጊንጪም መኪና የለም። የት ልሄድ ነበር ደግሞ?

ኅዳር 28

የካርዶቹ ፊደል የድሮ ነው፣ እንደ ቁልቋል እሾህ። ሲስተር ያስተማሩኝ ጀርመንኛ ከሰላምታና ከመዝሙር አያልፍም። ኔት ሲኖር ስልኬ ይተረጉምልኛል። የአንዱን ልጅ መንደር "ድንች" አለው። ብቻዬን ሳቅሁ... ከዚያ አፈርኩ። ልጁ ሃያም አልሞላው።

ሁለት ቃል ለይቻለሁ። "ገፋለን" ወደቀ ነው፤ ሞተ ማለት። "ፈርሚስት" ደግሞ የደረሰበት አልታወቀም። ካርዱን ሁሉ አገላብጬ ፈርሚስት የሚል አንድ ብቻ አገኘሁ። ለጠፋ ሰው ካርድ አይታተምም መሰለኝ። ምን ተብሎ ይታተማል?

ታኅሣሥ 9

ፌስቡክ ላይ እንዲህ ዓይነት ካርድ የሚሰበስቡ ሰዎች አገኘሁ። የተወሰኑትን ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። አሎይስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር መለሱልኝ፤ የሚኖሩት ከሲስተር መንደር አጠገብ ነው። በቀላል እንግሊዝኛ ይጽፋሉ። "አምቦ የት ነው? እነዚህ ልጆች እዚያ ድረስ እንዴት መጡ?" አሉኝ። ደስ አለኝ። ከዚህ ግቢ ውጭ የሚያናግረኝ ሰው...

ታኅሣሥ 16

ዮሴፍ የሚባለው ልጅ ግራ አጋብቶኝ ነበር። በእነሱ አቆጣጠር 1943 ሩሲያ ሞተ ይላል፤ ካርዱ የታተመው ግን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ። ለምን ዘገየ? አሎይስን ጠየቅኳቸው።

"ቤተሰቡ አያውቅም ነበር። አብሮት የነበረ ጓደኛው ከምርኮ ሲመለስ ነው የነገራቸው። እኔ የጠፋ ሰው ስፈልግ ከወረቀት አልጀምርም፤ ከጎኑ ማን ነበር ብዬ ነው የምነሳው።"

ስልኩን አስቀመጥኩ። መልሼ አነሳሁት። መልሼ አነበብኩት።

ታኅሣሥ 21

ወንድሜ ዘሩባቤል ከሆለታ ደወለ። እዚያ አንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ይፈልጋል። "ነይ። ቤትም አለሽ" አለኝ። የቶኩማ አባት ኦቦ ሌንጂሳ ሰምተው ኖሯል።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ባል ያላት ሴት ቤቷን ዘግታ የት ትሄዳለች?"

"ለሥራ ነው፣ አባባ።"

"ሲመጣ ምን እንበለው?"

ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሚስት ነኝ እንዳልል ባል የለኝም። ሐዘንተኛ ነኝ እንዳልል የሞተብኝ የለም። ጥቁር ብለብስ ሟርተኛ እባላለሁ፤ ቀይ ብለብስ ደግሞ ሌላ ስም አለው። ከቤት ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ቤት። ትንሽ ካመሸሁ አዴ አረጋሽ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። አይቆጡም። ያዩኛል ብቻ።

ታኅሣሥ 28

ገና። ከቅርጫው ሥጋ ላይ የቶኩማ ድርሻ ተነሳ። አዴ አረጋሽ ዘልዝለው ሰቀሉት። የአምናውም ቋንጣ አለ። ኦቦ ሌንጂሳ ሳይበሉ ወጡ። ናፍቋቸው ነው አልኩ።

ጥር 7

ከጎኑ ማን ነበር?... ቶኩማ ስለ አንድ ልጅ ያወራልኝ ነበር። "ቀንዓ የሸነን ልጅ ነው። አንድ ምሽግ ውስጥ ነው የምንተኛው፣ ሲያንኮራፋ አያድርስ!" የላከልኝን ፎቶ አወጣሁ። ከጎኑ የሚስቀው ረጅሙ እሱ ይሆን? ለምን እስከዛሬ አልፈለግኩትም? ፈርቼ ነው። ሌላ ምን?

ጥር 19

ከሸነን የሚመጣ ታካሚ ባየሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። ዛሬ እናቷን ያመጣች ሴት፣ "ቀንዓ? እግሩን ያጣው ወታደር? ገበያው ጥግ ጫማ ይሸጣል" አለችኝ። የእናቷን ካርድ አበላሽቼ እንደገና ሞላሁት።

በሕይወት አለ። እና ለምን ወደ እኛ አልመጣም?

የካቲት 3

መንገዱ ተከፈተ። ለቤት ስብሰባ አለብኝ ብዬ ዋሸሁ። ሸነን ሄድኩ።

ሸራ ጫማ ደርድሮ ተቀምጧል። ክራንቹ ከጎኑ። ገና ሳየው አወቅኩት። የቶኩማ ሚስት ነኝ ስለው ለመነሳት ታገለ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ልጅቷ ጠየቀኝ፣ ስሟንም ያውቃል።

"እንዴት እየቻላችሁት ነው?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ኦቦ ሌንጂሳ አልነገሩሽም?"

"ምኑን?"

"አምና የካቲት አምቦ ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው እኮ። ገና በደንብ መራመድ ሳልችል። 'ለቤተሰቡ እኔ ነኝ የማረዳው፣ አንተ ሂድ' አሉኝ። አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል ብዬ..."

ከጫማዎቹ መሃል ተቀመጥኩ። ንገረኝ አልኩት። ሁሉንም ነገረኝ። አሁን መጻፍ አልችልም።

የካቲት 4

ቶኩማ ሞቷል። አንዴ ልጻፈው። ሞቷል።

ዓመት ሙሉ ኦቦ ሌንጂሳ "ሲመጣ" ይሉኝ የነበረው እያወቁ ነው።

የካቲት 6

ከግቢው ጀርባ ባሕር ዛፍ ሲቆርጡ አገኘኋቸው።

"ሸነን ሄጄ ነበር፣ አባባ።"

መጥረቢያውን አወረዱ።

"ነገ እነግራታለሁ እላለሁ" አሉ። "ነገ ይሆንና የእናቱን ፊት አያለሁ። የደም ብዛት አለባት፤ በእጄ ትሞታለች።"

"እኔስ? እኔ ምን አለብኝ?"

"አንቺ ትሄጃለሽ።" ቀና ብለው አላዩኝም። "ልጅቷንም ትወስጃለሽ። ከእሱ የቀረችኝ እሷ ናት።"

ልጮህ ነበር የመጣሁት። እኚያ ትልቅ ሰው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። "እስከ ቅዳሜ መርዶውን ያርዱ። ካለዚያ እኔ እናገራለሁ" አልኩና ተመለስኩ። አላዘንኩላቸውም። አዝኜላቸዋለሁ። አላውቅም።

የካቲት 9

ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ለመርዶ መጡ። አዴ አረጋሽ ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። ሲያዩአቸው ገባቸው። ጎረቤቱ በጩኸት ሲሞላ እሳቸው አልጮሁም።

"መቼ?" አሉ።

ባላቸው፣ "ቆይቷል። እኔ አምና ነው የሰማሁት" አሉ። በሰው ሁሉ ፊት።

አዴ አረጋሽ ሄዱና በሁለት እጃቸው የባላቸውን ደረት መቱ። "ከእኔ ጋር ትበላ ነበር! ዓመት ሙሉ ልጄን ውጠህ ከእኔ ጋር ትበላ ነበር!" ኦቦ ሌንጂሳ እጃቸውን አልያዙም። ሴቶቹ ናቸው የገላገሏቸው።

ከዚያ እኔ ጮህኩ። የኔን ድምፅ አላውቀውም ነበር።

የካቲት 17

ድንኳኑ ፈረሰ። ጥቁር ለበስኩ። ሰው ሁሉ ምን እንደሚለኝ አሁን ያውቃል። "እግዚአብሔር ያጽናሽ።" ያ ብቻ እንኳ...

ለአሎይስ ጻፍኩላቸው። "ከጎኑ የነበረውን አገኘሁት" አልኩ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ "የባልሽን ስም ጻፊልኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ልጆች ጋር ይጠራል።"

መጋቢት 30

አዴ አረጋሽ ዛሬ መኝታ ቤቴ መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከባላቸው ጋር እስካሁን አይነጋገሩም።

"ወንድምሽ ያገኘልሽ ሥራ አሁንም አለ?"

"ሌላ ሰው ቀጥረዋል። ግን ሰኔ ላይ ቦታ ይኖራል ብለውታል።"

"ሂጂ። ልጄ ሲመጣ ቤቱን ባዶ እንዳያገኘው ብዬ ነበር የያዝኩሽ።" እጄን ያዙ። "አቢጊያን ግን ለበዓል አምጪልኝ።"

"አመጣታለሁ፣ እማዬ።"

ሰኔ 14

ሆለታ። ክረምቱ ገብቷል። አቢጊያ ከዘሩባቤል ልጆች ጋር ጭቃ በጭቃ ሆና ዋለች። ከሥራ ስመለስ ሰፈሩን ዞርኩ፤ ያለ ጉዳይ። ማንም የት ነበርሽ አላለኝም። ደስታ አይደለም። ግን መተንፈስ ነው።

ማታ ስልክ ጮኸ። ኦቦ ሌንጂሳ። ከወጣሁ ወዲህ አልደወሉም፤ እኔም አልደወልኩም። ስሙን እያየሁ ቆየሁ። ሊዘጋ ሲል አነሳሁት።

"ልዩ።"

"አቤት፣ አባባ።"

"ይቅርታ ልጠይቅሽ አይደለም የደወልኩት። ያንን ፊት ለፊት ነው።" "ያኔ ቀንዓ ሲነግረኝ... አላስጨረስኩትም። ሞተ ሲለኝ በቃ አልኩት። አሁን እናቱ ትጠይቀኛለች። የት ነው ያለው? ማን ቀበረው? ትለኛለች። የምመልስላት የለኝም።"

አጠገባቸው ሰው ይተነፍሳል። ማን እንደሆነ አወቅኩ።

"ድምፁን ከፍ ያድርጉት፣ ሁለታችሁም እንድትሰሙ" አልኩ። በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። "ወንዝ ዳር ነው። ትልቅ ግራር አለ። ቀንዓና አንድ የወለጋ ልጅ ናቸው የቀበሩት። ቀንዓ ፊቱን በራሱ ጃኬት ሸፈነው..."