ለሰባት ሰው አንድ መብራት

ይድረስ ለልጄ ልጅ ለዱሬቲ፣ ባሌ ሮቤ።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? የሮቤ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? አከም ጅርታ ብዬም ልጨምርበት፤ አንዱ ሰላምታ መንገድ ላይ ቢቀር ሌላው ይድረስሽ። ተማሪዎችሽስ ይሰሙሻል ወይስ እንዳንቺው ጆሮ የላቸውም? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የአዳማ ፀሐይ አናቴን እየጠበሰኝ ነው፤ አያትሽ ዘርፉም እየጠበሰችኝ ነው። ከሁለቱ ፀሐይዋ ትሻለኛለች፤ እሷ ቢያንስ ማታ ትገባለች።

ለምን አልደወለም ትዪ ይሆናል። በስልክ ስመክርሽ "አያቴ አካኮ፣ ኔትወርክ የለም" ትዪና ትዘጊብኛለሽ። የኔትወርክሽ ነገር ይገርመኛል፤ ስለ ሰርግ ስናወራ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ወረቀት ግን አይዘጋምና ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

በሰኔ መጀመሪያ ከትምህርት ቤት ባልደረቦችሽ ጋር ዋሻ ልትገቡ እንደሆነ ነግረሽኝ፣ ከአዳማ ጥሩ የግንባር መብራት ግዛልኝ፣ ለእማዬ ግን እንዳትነግራት አልሽኝ። እኔ ደግሞ "እንዳትነግራት" ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። መሪያችን የስፖርት መምህሩ ማናሴ ነው፣ አምናም ገብተን በሰላም ወጥተናል ብለሽ ፎቶ ላክሽልኝ። የጎረቤት ትልቅ ስልክ ተውሼ ፎቶውን በጣቴ እየለጠጥኩ አየሁት። ልጄ፣ አልጣመኝም።

ሰባት ናችሁ። የሰባታችሁም ጥላ ግድግዳው ላይ ወደ አንድ ጎን ወድቋል። ሰባት መብራት ቢኖር ጥላው ወዲያም ወዲህም ይበተን ነበር። ስለዚህ መብራታችሁ አንድ ነው፤ እሱም ዳር በቆመው በማናሴ እጅ ነው። በሌላው እጁ ምን ይዟል? ከጣሪያው የተንጠለጠለውን ነጭ ድንጋይ ሰብሮ፣ ዓሣ እንዳጠመደ ሰው ከፍ አድርጎ ያሳያል። ያ ድንጋይ ጠብታ በጠብታ ላይ እየተጠራቀመ ስንት ዘመን እንደፈጀበት ጂኦግራፊ የምታስተምሪው አንቺ ንገሪው። ከኋላው ደግሞ ስሙን በከሰል ጽፏል። ሰው በማይኖርበት ጨለማ ውስጥ ስሙን የሚጽፍ ሰው ማን እንዲያነብለት ነው? የሌሊት ወፍ?

አንድ መብራት ብቻ ይዞ የሰው ልጅ ወደ ጨለማ በሚወስድ ጎረምሳ ላይ ሌላም ጥርጣሬ አለኝ። ለዘርፉ አልነገርኳትም እንጂ ብነግራት ዛሬውኑ ጌሾ መግዛት ትጀምራለች።

የሆነው ሆኖ ገበያ ወጣሁ። ሻጩ መሐመድዘይን ይባላል። በጠራራ ፀሐይ ሱቁ በር ላይ መብራቱን አብርቶ "ይዩ አባባ፣ ዓይን ያጠፋል!" አለኝ። ፀሐይ ላይ የበራ መብራት ምን ያሳየኛል? ጋቢዬን ተከናንቤ ከውስጥ አበራሁት። ሰው ቆሞ ያየኝ ጀመር። አንዲት ሴትዮ "ምን ሆነው ነው?" ስትል፣ መብራቱን ለዋሻ እንደምገዛው የነገርኩት መሐመድዘይን "ዋሻ ሊገቡ ነው" አላት። በዚህ ዕድሜያቸው ብትለው፣ "ባለቤታቸውን ሸሽተው ነዋ" ብሎ ገበያውን ሁሉ አሳቀብኝ። ያን ጊዜ ነው የጠረጠርኩት፤ እንዲህ የሚያስቅ ነጋዴ የሚደብቀው ነገር አለው።

ካርቶኑ አሥር ሰዓት ይበራል ይላል። ካርቶን የማይለው ምን አለ? ቤት ወስጄ ቻርጅ አደረግኩትና ቁም ሳጥን ውስጥ አብርቼ ዘጋሁበት። ከምሳ በኋላ ትንሽ ጋደም ብዬ ስነሳ መብራቱ ድርግም ብሏል! በነጠላ ጫማ ሱቁ ድረስ ገስግሼ "የልጅ ልጄን ልትቀብርብኝ ነበር" ብዬ ሰው ሰብስቤ ሰደብኩት። እሱም አንገቱን ደፍቶ "እሺ አባባ፣ ሌላ ይውሰዱ" ሲለኝ ጭራሽ ባሰብኝ። ንጹሕ ሰው እንዲህ ቶሎ ይረታል?

ቤት ስገባ ዘርፉ ሳቋን መያዝ አቅቷታል። ለካ እኔ ሳንኮራፋ ከጎረቤት ለቅሶ ኖሮ የእድሩ ሰዎች መጥተዋል። የእድሩ ዕቃ ቤት አምፖሉ ተቃጥሎ ድንኳንና ወንበር በጨለማ ሲያወጡ፣ መብራት ቢጠይቋት ከቁም ሳጥኑ አንስታ ሰጥታቸዋለች። በሙሉ ጉልበቱ ሲያንቦገቡጉት ቆይተው ሲመልሱላት ቦታው አኖረችው። ምነው ብላት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ለእድር መብራት ይከለከላል? ደግሞ ትንሽ ጋደም ያልከው እስከ አሥር ሰዓት ነው" አለችኝ።

ሰው በተሰበሰበበት ሰድቤው ሰው በተሰበሰበበት መሐመድዘይንን ይቅርታ ጠየቅኩ። እሱም ካርቶኑ የሚያወራው ስለ ዝቅተኛው ብርሃን መሆኑን፣ ከፍ ካደረጉት ግን ቶሎ እንደሚያልቅ አስረዳኝ። ስትራመጂ ዝቅ አድርጊው፤ ከፍ የምታደርጊው ሩቅ ለማየት ብቻ ነው።

እኔን ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። መብራቱ ደህና፣ ሻጩ ንጹሕ፣ ጠባቂው እኔ ራሴ፤ ሆኖም ጠፋ። መብራት የሚጠፋው ሰው ባላሰበው በኩል ነው። ስለዚህ ለአንቺ ሦስት ገዛሁ፦ ሁለት የግንባር፣ አንድ የእጅ። የግንባሩ እጅሽን ነፃ ያደርግልሻል፤ ስትወጪም ስትወርጂም ድንጋይ ትይዢበታለሽ። ባትሪያቸው የሚቀየር ነው፣ ትርፍም አለው። ሁሉንም ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሬያቸዋለሁ፤ አንዱ ሰምጦ ሞተ፣ መልሼ አስቀየርኩት። ማናሴ "ስልካችን ይበቃል" ካለ አትስሚው። ሻማና ችቦም እንዳታስቡ፤ ጭሱ እናንተንም የሌሊት ወፎቹንም ያፍናል። የሌሎቹን ስድስት ሰዎች መብራት ራሳቸው ይግዙ፤ አንድም ሰው ከሦስት ባነሰ አይግባ። ቆብም ያድርጉ፣ የሞተርሳይክል እንኳ ቢሆን፤ የማናሴ ራስ ድንጋይ ይችል ይሆናል፣ ያንቺ ግን አይችልም።

ሌላም አለ። የአገሩ ሰው ጥያቄ ስለሚያበዛ በጓሮ በኩል እንገባለን ያልሽው ነገር አልተዋጠልኝም። ሳያስፈቅድ በጓሮ የሚገባውን እኛ ሠፈር ምን ብለን እንደምንጠራው ታውቂያለሽ። ላይ ሲዘንብ ውኃው በየት በኩል ዋሻውን እንደሚሞላው የሚያውቁት እነዚያ ጠያቂዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹን አስፈቅዱ፤ ደመና ካለ ደግሞ ተመለሱ። ከውስጥ ምንም አትስበሩ፣ ምንም አትጻፉ። ያለቀ ባትሪ ሳይቀር ያስገባችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ውጡ።

ከውጭ የሚጠብቃችሁ ማን ነው ብዬ ብጠይቅሽ ግን "ሁላችንም እንገባለን" አልሽኝ። አንጀቴን የቆረጠው ይሄ ነው። ሁላችሁም ገብታችሁ ብትቀሩ፣ ልጆቹ የት ደረሱ ብሎ የሚጮኸው ማን ነው?

ለእናትሽ ለጂቱ ነግሬያታለሁ። ተቀየሚኝ። መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ በኋላ ፊቷን ጠርጋ "አባዬ፣ ከውጭ ማን ይጠብቃቸዋል?" አለችኝ። እኔ አልኳት። ከአፌ ቀድሞኝ ወጣ፤ ከወጣ ወዲያ ግን ደስ አለኝ።

እንግዲህ እመጣለሁ። ይህን ደብዳቤ በሹፌር እጅ አስቀድሜዋለሁ፤ መብራቶቹ ግን ከእኔ ኪስ አይወጡም። ከሽማግሌዎቹ ጋር ዋሻው አፍ ላይ እቀመጣለሁ። የምትወጡበትን ሰዓት ለእኔ ነግራችሁ ትገባላችሁ፤ ካለፈ መንደሩን አስነሳለሁ። ሽማግሌዎቹ አልተጠየቅንም ካሉኝ ግን መብራቶቹንም አንቺንም ይዤ ወደ አዳማ እመለሳለሁ።

ለአከራይሽ ለወይዘሮ የሺዓለም የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሁለት ብርድ ልብስ ያዘጋጁልኝ። አብራሽ ለምትኖረው ለሜቲ ሰላም በያት፤ እሷም ከገባች እናቷ ትወቅ። እናትሽ ትስምሻለች፣ ገና ተቆጥታለች ግን ትስምሻለች። ዘርፉም በሶ እያስፈጨችልሽ ነው። ለማናሴም ሰላም በይልኝ። ምናልባት ደህና ልጅ ይሆናል፤ እኔ ግን ሁላችሁንም ከዋሻው ወጥታችሁ በፀሐይ ብርሃን እስካያችሁ ድረስ አላምነውም።

አያትሽ ፉፋ
አዳማ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.