የአያቴ ስድስት ጠገራ ብሮች

ማክሰኞ

ስድስት ናቸው። አባቴ ከአያቴ ሣጥን ያወጣውን የጨርቅ ቋጠሮ ፈትቶ አልጋዬ ላይ ዘረገፈው። «በይ እንግዲህ፣ ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ ካልሽ፣ የትኛው ወደፊት ዋጋ እንደሚያወጣ ለይተሽ እኩል ሦስት ቦታ መድቢ» አለኝ። እሑድ የአያቴ ሙት ዓመት ነው። ከጸሎቱ በኋላ አባቴ፣ እህቱ እታገኝና ወንድሙ ካሴ በዕጣ ይካፈሏቸዋል። አያቴ ሲሞት አደራ ያለው አንድ ነገር ነው፤ በእነዚህ ብሮች እንዳይጣሉ።

ከተመረቅሁ ዓመት አለፈኝ። እስካሁን ሥራ ብሎ የሰጠኝ ሰው አባቴ ብቻ ነው።

ያየሁትን ልጻፍ። አምስቱ ባለ ንግሥት ናቸው፤ የባዕድ አገር ንግሥት መልክ ያለባቸው። ሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል። እንዴት ደስ አለኝ! ኔትወርክ ሲመጣ ሳነብ ግን መቼም ይመቱት መቼ የሚጽፉበት ያንኑ ዓመት ነው። ስለዚህ ዓመቱ አይነግረኝም፤ መልኳ ነው የሚነግረኝ። የግንባሯ ጌጥ ፍሬው ይቆጠራል? የትከሻዋ ጌጥ አልጠፋም? ሁለቱ ጥርት ያሉ፣ ሁለቱ የደበዘዙ። አንዱ ለአንገት ጌጥ ተበስቷል፤ ከክብደቱ በላይ አያወጣም።

ስድስተኛው ባለ አንበሳ ነው። የራሳችን ንጉሥ ያስመታው፤ እንደ ባለ ንግሥቷ በየቦታው አይገኝም። ጥቁር ነው፣ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። ከሁሉም በላይ ዋጋው የሚጨምረው ይኼ ነው።

ረቡዕ

ምድቡ አለቀ። ባለ አንበሳው ከተበሳው ጋር። ሌሎቹ ሁለት ምድቦች ደግሞ አንድ ጥርት ያለና አንድ የደበዘዘ። ኮራሁ።

ከሰዓት ባለ አንበሳውን አጸዳሁት። እናቴ የብር መስቀሏን ለበዓል እንደምታጸዳው፣ በሎሚና በአመድ። የአንበሳው ጋማ ሳይቀር ቦግ አለ። ነገ ዳንግላ ወስጄ ለአንድ ብር ሠሪ አሳያለሁ። ጥቁሩን ይዞ ሰው ፊት መቅረብ ነውር መስሎኝ ነው።

ሐሙስ

ምን አደረግሁ።

ብር ሠሪው ሽማግሌ ናቸው። ባለ ንግሥቶቹን ድንጋይ ላይ እየጣሉ ድምፃቸውን ሰሙ። «ደህና ናቸው» አሉ። ባለ አንበሳው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ማነው ያጠበው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ምነው ልጄ፣ ድስት አደረግሽው? ለእኔ ምንም አይደለም፣ አቅልጬ መስቀል እሠራበታለሁ። የድሮ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ግን የሚፈልገው ያንን ጥቁረት ነበር።» በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ። ጋማው ላይ አመዱ የጫረው ቀጫጭን መስመር። «አሁን ጥርት ካለችው ንግሥት እኩል ቢያወጣ ነው።»

ወደ ቤት ስመለስ እስከ እንጅባራ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ ማንንም ቀና ብዬ አላየሁም። ምድቤ ውሸት ሆኗል። ባለ አንበሳው የደረሰው ሰው ዕድለኛ ነኝ ይላል፤ የሚይዘው ግን ትንሹን ድርሻ ነው።

ቅዳሜ

ለአባቴ ነገርኩት። «ዝም በይ» አለኝ። «ማን ያውቃል? ሲያበራ ያዩታል፣ ደስ ይላቸዋል። ካሴ ፊት አታዋርጅኝ።»

«ላንተ ቢደርስስ?»

«ለእኔ ቢደርስማ ጥሩ፤ ጉዳቱ እዚሁ ይቀራል።»

ለእሱ ባይደርስስ?

እሑድ

ነገርኳቸው።

አጎቴ ካሴ ከጫግኒ፣ አክስቴ ከዘንገና መጥተዋል። ቄሱ ጸሎት አድርሰው እንደተቀመጡ አጎቴ ጀመረኝ። «ምሁሯ! ሀብታም የሚያደርገኝ የትኛው ነው?» ሳቁ። እኔ ቆምኩ። ሁሉንም አወጣሁት፤ ሎሚውን፣ አመዱን፣ የዳንግላውን ሽማግሌ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። አጎቴና አክስቴ በአገውኛ ተነጋገሩ። እኔ የምሰማው እኩሌታውን ነው፤ ስሜን ግን ሁለት ጊዜ ሰማሁ።

ከዚያ አክስቴ እጇን ዘረጋች። «የተበሳውን ስጪኝ።»

«እሱ እኮ ዋጋ የለውም፣ አክስቴ።»

«እናቴ ስትዳር አንገቷ ላይ የነበረ ነው። ላንቺ ዋጋ የለው ይሆናል።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አምስት ቀን ሙሉ ሳገላብጠው ማን አንገት ላይ እንደነበር አልጠየቅሁም። ከተበሳው ጋር አንድ ጥርት ያለች ንግሥት ወሰደች። «ቀሪውን እንደገና መድቢ» አለችኝ። መደብኩ፤ ባለ አንበሳውና አንድ የደበዘዘች፣ ጥርት ያለችውና ሌላዋ የደበዘዘች። አባቴ የሸሚዙን ቁልፍ፣ አጎቴ ከኪሱ የበቆሎ ፍሬ ለዕጣ ሰጡ። ቄሱ የማን እንደሆነ ሳያዩ በየምድቡ ላይ አኖሯቸው።

የበቆሎዋ ፍሬ አንበሳው ላይ አረፈች።

አባቴ እስካሁን አላናገረኝም። አጎቴን መናኸሪያ ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ሊሳፈር ሲል ብሩን ከመሐረቡ ፈትቶ አየው።

«ቆይቶ ይጠቁራል?»

«ይጠቁራል።»

«እንደ ድሮው?»

«እሱን አላውቅም፣ አጎቴ።»

መልሶ ቋጠረው። «ይሁን። ስታውቂ ትነግሪኛለሽ» አለና ገባ።