የክቡርነትዎ ማርሚታ እና የዕድራችን ጥሩምባ

ለክቡር አቶ ተክለ ጊዮርጊስ
የሰፈራችን ደንብ ማስከበርና ድምፅ ቁጥጥር ኃላፊ
ጎንደር፣ ሚያዝያ 2005 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለ አራት ጎማ ሞተርዎ ደህና ናቸው? እኛ ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብለን የምንኖር የሰፈርዎ ሰዎች፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ ጆሯችን ላይ ካለው ጥቂት መደንዘዝ በቀር ደህና ነን። የእርስዎን ጤንነት በየማለዳው ከአልጋችን ሳንነሣ ስለምናረጋግጥ፣ ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል መሆኑን ይረዱልኛል።

እኔ ሷሊሕ ኡዘይር እባላለሁ። አራዳ ላይ ከአባቴ የወረስኩት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ፤ እርስዎም አባል የሆኑበት የሰፈራችን ዕድር ዳኛም ነኝ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ድንኳን የሚቀመጥበት ዕድር እንደሆነ እርስዎ አይጠፋዎትም፤ የጻፍኩት መንገድ አላፊው እንዲያውቀው ነው። ደብዳቤውን በወጉ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ላስገባ መጥቼ ነበር። ሞተርዎ ግቢው ውስጥ እየሞቀ ስለነበር ጸሐፊዎ የምናገረውን ሊሰሙኝ አልቻሉም፤ እኔም እሳቸውን አልሰማሁም፤ ተሳስቀን ተለያየን። ስለዚህ በሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ወረቀት ስለማይጮኽ ደንብ የተላለፍኩ አይመስለኝም።

ምስጋናዬን ላስቀድም። ይህ ሞተር፣ ዕቃቸውን ሸጠው ወደ አገራቸው ከተመለሱ ፈረንጆች ለጽሕፈት ቤትዎ የተገዛ ጊዜ፣ ቤንዚንና ዘይት ቀላቅሎ የሚጠጣ፣ ለራሱ የሚያጉረመርም ትሑት ነገር ነበር። ከቀሐ ወደ አራዳ በሚያወጣው ዳገት ላይ ግን ይለግም ነበርና፣ እርስዎ መርምረው ጉድለቱ የማርሚታው፣ ማለትም የጭስ መውጫው፣ እንደሆነ ደረሱበት። የድሮው ተፈትቶ ተጣለ። በምትኩ ብየዳ ቤት ከላሜራ ተጠቅልሎ የተሠራ፣ አንገቱ የቀጠነ፣ ሆዱ ያበጠ አዲስ ማርሚታ ገባለት፤ ድምፅ የሚያፍን ነገር ግን አንድም አልተደረገበትም። ሞተሩ ዳገቱን አሁን በደስታ እንደሚወጣ እመሰክራለሁ። ማርሚታው የገባው፣ ሲዲ ሻጩን ሰፈር ረበሽክ ብለው ድምፅ ማጉያውን በወረሱበት ሳምንት መሆኑንም አልረሳሁትም። የድምፅ ቁጥጥር ኃላፊ የሚቆጣጠረው ድምፅ እንዳያጣ ራሱ ማምረቱ የሥራ ትጋት ነው፤ ሌላ ስም ያወጡለት ቢኖሩም እኔ አልተባበርኳቸውም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልለፍ።

አንደኛ። ማርሚታው ነዳጅ ቀስ ተደርጎ ሲሰጠው እንደ ሞተር አይጮኽም፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየሳበ ረዘም አድርጎ ያለቅሳል። በሌላ አገር ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። በእኛ ሰፈር ግን ጎሕ ሲቀድ እንዲያ የሚጮኽ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም የአያ ዕንባቆም ጥሩምባ ነው። አያ ዕንባቆም የዕድራችን ለፋፊ ናቸው፤ ሰው ሲያርፍ በየመንደሩ እየዞሩ ጥሩምባቸውን ይነፉና የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። እርስዎ ደግሞ ጉልት ሻጮቹ ሳያነጥፉ ልድረስባቸው ብለው የሚወጡት በዚያው በእሳቸው ሰዓት ነው።

በመጀመሪያው ማለዳ ሰፈሩ እንዳለ ተነሣ። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን እየጎተተ ወጣ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ አያ ሐብተ ማርያም ከጥምቀት ወዲህ አልጋ ይዘው እንደነበር ሁሉም ያውቃልና በቀጥታ ወደ እሳቸው ቤት ነጎድን። ጎረቤታችን እንኳየሁ ገና ከበሩ ሳትደርስ ስማቸውን እየጠራች ሙሾ አወረደች። በሩን የከፈቱልን ራሳቸው አያ ሐብተ ማርያም ናቸው። ምነው፣ በደህና ነው ወይ አሉን። እንኳየሁ ሙሾዋን ከመሐል ቆርጣ፣ ጤናዎን ልንጠይቅ ብለን ነው አለች፤ እንባዋ ግን ገና እየወረደ ነበር። ሰው ዐዋቂ ናቸውና ግቡ ብለው አስቀመጡን፤ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ወዲህ ተሽሏቸው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ይህችን ከምስጋናው ጋር ይደምሩልኝ።

ሁለተኛ። ለመድን። በማግስቱም ወጣን፤ በሌላውም ማለዳ ከፊላችን ወጣን፤ ከዚያ በኋላ ያ ድምፅ ሲመጣ ሰዉ ጋቢውን ወደ ራሱ እየሳበ፣ ኃላፊው ናቸው ማለት ጀመረ። አባቶቻችን ሲሰሙት ከእንቅልፋቸው ደንግጠው የሚነሡለትን ድምፅ እርስዎ በጥቂት ሳምንት የእንቅልፍ ማጀቢያ አደረጉልን። እንዲህ ያለ ለውጥ ለማምጣት ሌላው ባለሥልጣን ስንት ስብሰባ በጠራ ነበር።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል።

እትዬ አመተ ሥላሴን ያውቋቸዋል። የመሪጌታ ልጅ፣ ከልጃቸው ከመቅደላዊት ጋር ወንዙ ዳር ለብቻው ባለው ቤት የሚኖሩ ነበሩ። በሰፈራችን የእሳቸው እግር ያልረገጠው ለቅሶ ቤት የለም። እናቴ የሞተች ዕለት ከዘመዶቼ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ናቸው። ለእኛ ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ብለው በክርስቲያን የታረደ ሥጋ ነክቷቸው የማያውቁ ሳህኖች በአንድ መደርደሪያ ለይተው አስቀምጠው ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ቆሎም ሆነ ዳቦ የበላሁት በእነዚያ ሳህኖች ነው።

እትዬ አመተ ሥላሴ ባለፈው ወር አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አረፉ። አያ ዕንባቆም ከመቅደላዊት ሰምተው ጎሕ ሲቀድ ወጥተው ነፉ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ጥሩምባውን ሰምቻለሁ። ሱብሒ ሰግጄ ጋደም ብዬ ነበር፤ ኃላፊው ዛሬ ማልደዋል አልኩና ተገላብጬ ተኛሁ። አያ ዕንባቆም የሟቿን ስም ሊጠሩ አፋቸውን በከፈቱበት ሰዓት ደግሞ እርስዎ በእውነትም መጡ፤ ስሙ በማርሚታዎ ተዋጠ። የእኔ ቤት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደ እኔ ነው የተገላበጠው።

ቀብሩ ረፋድ ላይ ነበር። ቄሱ መጡ። ሁለት የቆሎ ተማሪዎች መጡ። ቃሬዛውን የሚይዝ ሰው ስለጠፋ አንድ መንገደኛ የጋሪ ነጂ ፈረሱን አስሮ ገባ፤ አራተኛው ተሸካሚ አያ ዕንባቆም ሆኑ። ጥሩምባውን መያዣ እጅ ስላልነበራቸው መቅደላዊት ተቀብላ ይዛላቸው፣ ከእናቷ አስከሬን ኋላ ሄደች። ሰዉ ምንም ሳያውቅ ወደየሥራው ሄዶ የመንደሩ በር ሁሉ ዝግ ነበር።

ዳገቱ ላይ ከእርስዎ ጋር ተገናኙ። በአገራችን ቀብር ሲያልፍ በበቅሎ ያለ ይወርዳል፣ ባርኔጣ ያደረገ ያወልቃል፣ ባለሱቅ በሩን ገርበብ ያደርጋል። እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ ይህን ሁሉ በአንድ ማስጮህ አጠቃለሉት። አራቱ ሰዎች ቃሬዛውን ይዘው ወደ ቦዩ ወርደው እስኪያልፉ ቆሙላችሁ፤ ለእርስዎና ለሞተርዎ ማለቴ ነው። መንገድ ስለለቀቁልዎም እጅዎን አንሥተው እንዳመሰገኗቸው ጋሪ ነጂው ነግሮኛል። ትሕትናዎ በከተማው ይወራል።

አራተኛው ቅሬታ ክቡርነትዎን አይመለከትም። ማርሚታው የገባ ዕለት እርስዎ ሱቄ በር ላይ ቆመው፣ ድምፁ እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ በሁለት እጄ ጨብጬዎት፣ ግርማ አለው፣ ሸጋ ነው፣ ለእርስዎ ማዕረግ የሚገባ ነው አልኩ። አጠገቤ የነበረው የሱቅ ጎረቤቴ ጃቢርም ከእኔ እንዳያንስ ብሎ፣ ትንሽ ቢጨመርበትም አይከፋም አለ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ ያጠበችውን ሁሉም ይወቅሳታል፣ አወቅሽ ያላትን ግን ማንም አይጠይቀውም። አወቅሽ ያልኩት እኔ ነኝ። ጆሮዬ እያመመኝ፣ ይሉኝታ ይዞኝ፣ የዕድር ዳኛ ሆኜ። አፍሬያለሁ። እርስዎ እንዴት እንደሚያድሩ አላውቅም፤ ከሰው መሐል መቆም አስጠልቶኝ አለሁ።

መሞታቸውን የሰማነው ከተቀበሩ በኋላ ነውና፣ በቀብሩ ማግስት ተሰብስበን ሄድን። ድንኳኑን ተሸክመን፣ ወንበሩን ተሸክመን፣ ሁላችንም ወደ መሬት እያየን። መቅደላዊት አልተቆጣችም፤ ምነው በተቆጣች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቤቱ ለእኔ ይበቃኛል፣ ድንኳኑን ለሌላ ሰው አድርጉት አለች። ከሳምንት በኋላ ሳህኖቹን በነጠላ ጠቅልላ ራሷ ወደ ቤቴ ይዛ መጣች። እናቴ ለእናንተ ያስቀመጠቻቸው ናቸው፣ ከእንግዲህ እኛ ቤት የሚመጣ ሰው ስለሌለ እናንተው ጋ ይሁኑ አለችና ለባለቤቴ ለያስሚን ሰጥታት ሄደች። ያስሚን ሳህኖቹን ከእኛ ዕቃ ጋር ልትደባልቅ አልደፈረችም። እስከ ዛሬ ጓዳ ውስጥ እንደተጠቀለሉ ናቸው፤ እኔም ወደ ጓዳ መግባት ትቻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የእትዬ አመተ ሥላሴ አርባ እየደረሰ ነው። ያን ዕለት ሳህኖቹን ይዤ በመቅደላዊት በር ላይ እቆማለሁ። ትክፈትልኝ አትክፈትልኝ አላውቅም፤ ባትከፍትልኝ እውነቷን ነው። የምትከፍተው ግን ሰፈሩ ከኋላዬ ቆሞ ስታይ ብቻ እንደሆነ ይሰማኛል፤ ሰፈሩ ደግሞ የሚነሣው ጥሩምባ ሲሰማ ነው፤ ጥሩምባውንም ከእንግዲህ የሚያምን የለም። ስለዚህ በዚያ ማለዳ አያ ዕንባቆም አይነፉም። እኔ ራሴ በየበሩ እየዞርኩ በእጄ አንኳኳለሁ፤ ጃቢርም በሌላው መንገድ ያንኳኳል፤ ተነሡ፣ ይህ ሞተር አይደለም እንላለን።

ከክቡርነትዎ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ከአርባው በፊት ያ ማርሚታ ይፈታ። የድሮው ተጥሎ ከጠፋ ለዳገቱ ሌላ ብልሃት ይፈለግለት፤ በእግር የሚወጡትም አራዳ ሲደርሱ አይተናል። የእርስዎንም በር አንኳኳለሁ። ሞተሩ ግቢዎ ውስጥ ጠፍቶ ከቆመ ማንኳኳቴ ይሰማዎታል፤ ከዚያ ነጠላዎን ለብሰው አብረውኝ ወደ መቅደላዊት ቤት በእግርዎ ይመጣሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ካሉም ፈቃድዎ ነው፤ እፍረቱን ግን ሁሉንም እኔ ብቻዬን ልሸከመው አልችልም።

በፍጹም አክብሮት፣ በደነዘዘ ጆሮና በወረደ ፊት፣

ሷሊሕ ኡዘይር
የጨርቅ ነጋዴ፤ አባላቱ ተሰብስበው እስኪሽሩኝ ድረስ የዕድራችሁ ዳኛ

ሳልጽፈው የቀረ አንድ ነገር፦ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ልጅ የልጅ ልጅ ያሳይዎ። ይሁንና ሁላችንም የማንቀርበት ቀን አለ። ያን ጊዜ አያ ዕንባቆም፣ እሳቸውም ካልኖሩ ተተኪያቸው፣ ጎሕ ሲቀድ ወጥተው ስለ ክቡርነትዎ ጥሩምባውን ይነፋሉ። ሰፈሩም ይሰማል። ሰምቶም ኃላፊው ዛሬ ማልደዋል ይልና፣ ጋቢውን ወደ ራሱ ስቦ ይተኛል። ቀባሪ አያሳጣዎ።