የዘንዶ አዳኙ መጨረሻ

ገርጂ፣ ሰኔ 8 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለምወድህ አባቴ፣

ጎረቤታችን ጋሽ ኑሪ ለንግድ ናይሮቢ ደርሶ ሲመለስ መወፈርህን ነግሮናልና ጤናህን አልጠይቅም። እኛ አለን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት «አባትሽ ይምጣና» ትላለች። ጣሪያው ሲያፈስም መልሷ ያው ነው። ለአንድ ክረምት ብለህ ከሄድክ ይኸው ስንት ክረምት አለፈ።

ያን እየተረጎምክ ታነብልኝ የነበረውን ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ታስታውሰዋለህ? ሚስቱንና ልጁን ትቶ፣ ከጭጋጉ ማዶ ዘንዶ ሊገድል የሄደውን አዳኝ? መጨረሻው ላይ የዘንዶውን ቀንድ ተሸክሞ በራቸውን ሲያንኳኳ አልጋው ላይ እዘል ነበር። እማዬም ልብስ እየተኮሰች ትሰማ ነበር። በሳምንቱ ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ እንኳ አላለቀስኩም፤ መጨረሻውን አውቀው የለ!

ባለፈው ቅዳሜ ከዚያ መጽሐፍ የተሠራው ፊልም ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት መጣ። ከጓደኛዬ ከሐሊማ ጋር ተጋፍተን ገባን። ሰውየው ዘንዶውን ከገደለ በኋላ እዚያው ማዶ ሌላ ሚስት አግብቶ፣ ሌላ ቤት ሠርቶ ቀረ። አለቀ። ብድግ ብዬ «ውሸት ነው! መጽሐፉ ላይ ይመለሳል! አበላሽተውታል!» ብዬ ጮህኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ አንዱ «እህት፣ ሰውየው ዘመድሽ ነው እንዴ?» አለኝ። መጽሐፉን አምጥቼ አሳያችኋለሁ ብዬ ዝቼ ወጣሁ።

መጽሐፉን ከቁም ሳጥን አናት አወረድኩት። አሁን አሥረኛ ክፍል ነኝ፤ እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አያሳፍርም። መዝገበ ቃላት ይዤ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩ። አይመለስም። በር የሚያንኳኳ ሰው የለም። ፊልሙ ምንም አላበላሸም፤ ያበላሸኸው አንተ ነህ። ተናድጃለሁ አባዬ። እንደ ሕፃን አታለልከኝ እንዳልልህ፣ ሕፃን ነበርኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የአንተ ስንቅ ግን እኛን ስንት ዓመት አበላን።

ጋሽ ኑሪ የልጅ ጫማ ስትገዛ አይቶሃል። ይህን ተናግሮ እማዬን አየና ሻዩን መጠጣት ጀመረ። እሷ «ለእንቁ ሊልክላት ነው» ብላ ደስ አላት። የእኔ እግር ሠላሳ ስምንት ነው። በር ድረስ ስሸኘው ጠየቅኩት፤ ጫማው መዳፍ አይሞላም አለኝ።

በዚያው ሰሞን እማዬ ጉልበቷን እያሸች «ፊልሙስ? መጣ ሰውየው?» አለችኝ።

«መጣ እማዬ። አንኳኳ።»

«ነግሬሽ የለ» ብላ ሳቀች። አየህ፣ የአንተው ልጅ ነኝ።

ሁለተኛ ግን አልተረጉምላትም። ለእኔ መልስ አትጻፍ። ለእሷ ጻፍላት፤ መጨረሻውን ሳትቀይር።

ካለህበት ይጠብቅህ። ያን ጫማ ላደረገው ልጅም እግሩን ያጽናለት። መጽሐፍ የምታነብለት ከሆነ ግን፣ እባክህ የተጻፈውን አንብብለት።

ልጅህ
እንቁ ዓለምሰገድ