በጠመኔ የተሰመረ ፋብሪካ

ሰኞ፣ ጥር 4

እንደ ሁልጊዜው ጠዋት የድንች ቺፕስ ጠበስኩ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያሉት ሱቆች ሁሉንም ወሰዱት። በእጅ ልጦ፣ በእጅ ከትፎ፣ ላስቲኩን በሻማ እያሸጉ… እስከ መቼ? ጣቴ ላይ ደግሞ አዲስ ቁስል።

ከሰዓት ከኢክላስ ጋር ሼዱን ከፈትነው። ሱቋን ለእህቷ ትታ ከእኔ ጋር ሽርክና የገባች ጉደኛ! ቆርቆሮና ሲሚንቶ ብቻ ነው። ሼዱን የሰጡን የከተማው ጽሕፈት ቤት ሰዎች የካቲት 10 መጥተው ያያሉ። ሥራ ካልጀመርን ለሌላ ይሰጣል። ዓይኑን የጣለበት ብዙ ነው።

ጠመኔ ገዝቼ ማሽኖቹን በልካቸው ወለሉ ላይ ሳልኳቸው። ማጠቢያ፣ መላጫ፣ መክተፊያ፣ መጥበሻ፣ ዘይት ማራገፊያ፣ ማሸጊያ። ከዚያ ባዶ ሳፋ ይዤ በመሃላቸው ተመላለስኩ። ኢክላስ በሳቅ ሞተች። "ወላሂ ዕቃ ዕቃ እየተጫወትሽ ነው!"

ትሳቅ። በመክተፊያውና በመጥበሻው መሃል ሁለት ሰው እንደማይተላለፍ ያወቅኩት በዚሁ ጨዋታ ነው። አጥፍቼ እንደገና ሳልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

አዲስ አበባ ያለው ማሽን ሻጭ ደወለ። ከውጭ የመጣ ሙሉ መስመር አለኝ ይላል። "ቁልፍ መጫን ብቻ ነው እህቴ።" ስሪ ፌዝ የሚሉትን ባለ ሦስት መስመር ከባድ መብራት ይፈልጋል። የእኛ ሼድ መብራት አምፖል ለማብራት እንኳ ያመነታል። ልቤ ግን ፈለገው… ለራሴ ስጽፍ ምን ልዋሽ?

ኢክላስ ይምጣ ባይ ናት። "ትልቅ ነገር ካላዩ አያምኑንም" ትላለች። እኔ ደግሞ በላስቲክ ተሸፍኖ የቀረ ትልቅ ማሽን አይቻለሁ። ክረምት ላይ እዚህ ሚዛን ከተማ ቺፕስ በእርጥበቱ ባንድ ቀን ይልፈሰፈሳል። ስለዚህ ዋናው ማሸጊያው ነው። እሱ ላይ አልደራደርም።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ብረት በያጁ አልአዛር ሼዱ ድረስ መጣልኝ። ጠመኔውን ላለመርገጥ እየተጠነቀቀ ዞረ። ደስ አለኝ።

"እትዬ፣ መላጫው በርሜል ነው። ውስጡን ሻካራ አደርገዋለሁ። አሮጌ የቡና መፈልፈያ ሞተር አለኝ፣ እሱ ያዞረዋል።"

ዘይት ማራገፊያውስ? የልብስ ማጠቢያ ማሽን መጭመቂያ ካገኘን በቂ ነው አለ። መጥበሻው እሳቱ ከግድግዳው ውጭ ይሆናል፣ የሚነደው የቡና ገለባ። ገለባ እዚህ አገር መቼ ጠፍቶ ያውቃል!

ወሰንኩ። የምንገዛው ማሸጊያውን ብቻ። ኢክላስ አኮረፈች።

ሐሙስ፣ ጥር 14

አሁንም እንዳኮረፈች ነች።

ዓርብ፣ ጥር 15

ታረቅን። የእህቷን የተበላሸ ልብስ ማጠቢያ በባጃጅ ጭና መጣች። "እንዳትስቂ" አለችኝ። አልሳቅኩም… ትንሽ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ጋሽ ቲቶ ከሸዋ ቤንች ደወሉ። ቡና ገበሬ ናቸው፣ ከቡናቸው በላይ ባለው ዳገት ግን ድንች ይተክላሉ። ድንች የሚያመጡልን እሳቸው ናቸው። ውሃ የበዛበት ድንች ዘይት እንደሚጠጣ ነገርኳቸው።

"እንግዲያ የቡናው ማድረቂያ አልጋ ባዶ ነው። ድንቹን አጥቤ ፀሐይ ላይ ላስጣው?"

"ጥሩ አሰቡ ጋሽ ቲቶ!" አልኩ። እንዲህ ያለ ገበሬ በማግኘቴ ኮራሁ እንዲያውም።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ገና ካልገዛነው ማሸጊያ በቀር ሁሉም በቦታው ቆመ። መላጫው ሲዞር ልክ እንደ ቡና መፈልፈያ ይጮሃል። ጎረቤት "በዚህ ወር የምን እሸት ቡና ነው?" ብሎ መጣ። ነገ ድንቹ ይገባል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

አረንጓዴ። ሁሉም አረንጓዴ!

ጋሽ ቲቶ ጆንያውን በኩራት ነበር የፈቱት። ከሳምንት በላይ አልጋ ላይ፣ ቤተሰቡ በየተራ እያገላበጠ፣ ሲመሽ ላስቲክ እያለበሰ… "እንደ ኤክስፖርት ቡና ነው የያዝንልሽ፣ በየነች።" ጠብሼ ቀመስኩ። መረረኝ፣ ተፋሁት። ገበያ ላይ አረንጓዴ ድንች ሳይ ለቅሜ እጥላለሁ፤ ምን እንደሚያረነጉደው ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ለካ ፀሐዩ ነው! ሁለታችንም የቡና ልጆች ነን። ፀሐይ ያበላሻል ብሎ ማን ያስባል?

ጋሽ ቲቶ ኮፍያቸውን አወለቁ። "እኔ ነኝ ይሁን ያልኩት" አልኳቸው። ኮፍያቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወጡ።

ኢክላስ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። "አያያዛችንን አይተው ጭብጧችንን ሊቀሙን ነው።"

አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ወለሉን አየሁት። ስዕሌ ከማጠቢያው ይጀምራል። ድንቹ ከዚያ በፊት የት ነበር? ለማሽኑ ሁሉ ቦታ ሰጥቼ ለድንቹ አልሰጠሁትም። አይ እኔ!

ሼዱን ግን አልለቅም።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ጋሽ ቲቶ በኢሱዙ መጡ፣ ሳንጠራቸው። ትናንት ከመሬት የወጣ ድንች፣ ከነአፈሩ። ጋቢያቸውን ጆንያዎቹ ላይ አልብሰው እሳቸው በሸሚዝ።

"ፀሐይ አላየውም" አሉ። "እኔን ነው ያየኝ።"

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

መጡ። ሼዱን የሰጡን ሰዎች፣ ሁለት ሆነው። መላጫው ሁለቴ ሳይዞር መብራት ጠፋ። ኢክላስ አመድ መሰለች። ቢላዋ አነሳሁ። ጋሽ ቲቶም ኮታቸውን ሰቅለው መላጥ ጀመሩ። ሲልጡ ወፍራም ነው፣ ግማሹ ድንች ከልጣጩ ጋር ይሄዳል… ቻልኩት። ገለባው መብራት አይጠብቅም፣ ዘይቱ ፈላ። አልአዛር ማራገፊያውን በእጁ አዞረው።

አንደኛው ሰውዬ ቺፕሱን ሲነክሰው ድምፁ እኔ ጋ ተሰማ። ሌላኛው ግን ፊቱ አልተፈታም።

"ማሽኑ ቆሞ ምኑን ነው ሥራ የምትሉት?"

"መብራት ሲመጣ እሱ ይዞራል። ሲጠፋ እኛ እንዞራለን" አልኩት።

አልሳቀም። ቺፕሱን ግን ለሁለተኛ ጊዜ ዘገነ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ሼዱ ጸደቀልን! ኢክላስ መንገድ ላይ እልል አለች።

ለማሽን ሻጩ ደወልኩ፣ ማሸጊያውን ላክ አልኩት። "ሙሉ መስመሩስ?" አለኝ። መስመር አለን አልኩ።

ከሰዓት ጋሽ ቲቶ መጡ። ወለሉ ላይ የቀረውን ጠመኔ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና "የእኔ የቱ ጋ ነው?" አሉ። በአረንጓዴው ድንች አፍረው የጠየቁ መስሎኝ ነበር፤ የእውነታቸውን ነው የጠየቁት።

ከማጠቢያው ወደ ኋላ መሳል ጀመርኩ። በሩ ላይ ደረስኩ። ከበሩ ውጭ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ፀሐይ የማያይ የድንች ክፍል… መጀመሪያ የሚሠራው እሱ ነው። ጠመኔው ግን አፈር ላይ አልጽፍ አለኝ። ጋሽ ቲቶ ከአጥሩ እንጨት ሰብረው አቀበሉኝ።

ክፍሉን ጫርኩት። ከዚያ አላቆምኩም። ኢሱዙው እስከሚቆምበት፣ ወደ ሸዋ ቤንች እስከሚወስደው መንገድ ድረስ መስመሩን ጎተትኩት። እሳቸው ከኋላዬ፣ መስመሩን ሳይረግጡ።