በዋልካው ላይ ስለተነጠፈው የፕላስቲክ ሣር

ጌትዬ፣

አፈር ከለበስክ ሦስት ክረምት አልፎ አራተኛው ገባ። ይህን የምጽፍልህ ቢቸና፣ በዚያው በአሮጌው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። እንዴት ነህ አልልህም፤ ከእኛ እንደማትብስ አውቃለሁ።

ታናሽ ወንድምህ ሙሉቀን ግቢያችንን ሣር አለበሰው። ደስ አይበልህ፣ የፕላስቲክ ሣር ነው። ለሙት ዓመትህ ከባሕር ዳር ጓደኞቹን አስከትሎ ሲመጣ የግንቦት ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ዋልካው የአንዱን እንግዳ ጫማ ከእግሩ መንጭቆ አስቀረው። ሰው ሁሉ ላንተ ሲያዝን ሙሉቀን ለጫማው አዘነ። በሳምንቱ የተጠቀለለ ሣር በመኪና ጭኖ፣ ሁለት ሠራተኛ ይዞ ከተፍ አለ።

«እንዲህ ያለ ግቢ ትልልቅ ሆቴልም የለው። ዕድሜ ልክሽን ምንም አይነካውም!» አለኝ።

«ከሥሩስ ምን ታደርግበታለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ከሥሩማ መሬት አለ!» ብሎ ሳቀብኝ።

መሬትማ ነበር። ክረምት ሲመጣ ዋልካው ውኃ ጠጥቶ አበጠ፤ ሣሩ እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ አለ። በጋ ሲሆን መሬቱ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ከፍቶ ሣሩን ወደ ውስጥ ጎተተው፤ መጋጠሚያው ተላቅቆ ጠርዙ ወደ ላይ ተገለበጠ። ሁለተኛው ክረምት የቀረውን ጨረሰው። ዘወትር የምንረግጠው መስመርማ፣ ከበረንዳው እስከ ውጭው በር፣ ተመልጦ እንደ ለማኝ ኮት ክሩ ብቻ ቀረ። ደወልኩለት። «ባለሙያ እልካለሁ» አለኝ። የላከው ባለሙያ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ፣ ጎንበስ ብሎ እንኳ ሳያይ፣ በርጥቡ ጭቃ ላይ ሙጫ አፍስሶ በጫማው ረገጠና ሄደ። ጭቃን በሙጫ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይኼ ነው።

ገሽልጬ ልጥለው ነበር። ግን እናትህ፣ እማሆይ፣ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ክረምት ሙሉ ሰው ሳይዛቸው ከበረንዳ አይወርዱም ነበር። ሣሩ ከመጣ በኋላ መቋሚያቸውን ይዘው ብቻቸውን እስከ በሩ ይሄዱ ጀመር፤ እዚያ ቆመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው ተሳልመው ይመለሳሉ። እኔ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ካየሁማ ሙሉቀንን ላመሰግን ነዋ!

ከዚያ በሚያዝያ አንድ ጠዋት የተገለበጠው ጠርዝ እግራቸውን ይዞ ጣላቸው። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ወጌሻው አቃንቶ አስሮላቸው ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረው፣ «ጥሩዬ፣ ሣሩን እንዳታነሺብኝ» አሉኝ።

«እማሆይ፣ የጣለዎት እሱ አይደል እንዴ?»

«የጣለኝስ እሱ ነው። በእግሬ ያስኬደኝም እሱ ነው።»

ለሙሉቀን ደወልኩ። «ውይ እናቴን! እስቲ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ» አለ። የእጃቸውን መስሎኝ ነበር። ለካ የሣሩን ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

በማግስቱ በሚኒባስ ሞጣ ሄድኩ። እዚያ የመኪና ሸራ የሚሰፋ፣ የመስጊድ ምንጣፍም የሚያነጥፍ አቶ ሰይድ የሚባል ሰው እንዳለ ነግረውኝ ነበር። ይዤው መጣሁ። ተንበርክኮ መጋጠሚያውን ገልጦ መሬቱን በጣቱ ጫረና፣ «እትዬ፣ ይኼ ልብሱ ነው። የታመመው ገላው ነው» አለኝ። ጠጠር ያስፈልጋል አለ።

እዚህ ላይ ስላንተ ልናገር ነው፤ አትቆጣ። ከሠርጋችን ጀምሮ «ይኼን ግቢ ድንጋይ አነጥፈዋለሁ» ስትል ኖርህ። ጓሮ የቆለልከው ድንጋይ የዱባ ሐረግ እየወጣበት ቀረ። በለቅሶህ ላይ «ቃሉን የማያጥፍ» እያሉ ሲያሞግሱህ እኔ ድንጋዩ ይታየኝ ነበር። ሙሉቀንን እንቀዋለሁ፤ ግን እሱ ለጫማ ብሎም ቢሆን አንድ ነገር አነጠፈ። አንተ ለእናትህ መንገድ ሳታበጅላቸው ሞትህ።

ድንጋይህን አስፈለጥኩት። በመሄጃው መስመር ላይ ሣሩን ገልጠን፣ ዋልካውን ሁለት ስንዝር ያህል ቆፍረን አወጣን፤ በምትኩ ፍላጩን፣ ከላዩም አሸዋ ሞልተን ጠቀጠቅነው። የጣሪያው ውኃ ግቢው ውስጥ እንዳይተኛ ወደ ውጭ ቦይ ቀደድንለት። ለመለጠው የሚሆን መጣፊያም አልጠፋም። ሙሉቀን «እየመጣሁ እዝናናበታለሁ» ብሎ ለወንበርና ለጃንጥላ ያስለየው ጥግ ላይ ሣሩ እንደተገዛ ነው፤ አንድም ቀን አልተቀመጠበትም። ከዚያው ቆረጥን። አቶ ሰይድ የሣሩ ቅጠል ወዴት እንደሚተኛ በመዳፉ እየዳበሰ አገጣጠመው፤ ከሥሩ ሸራ አድርጎ በናይለን ክር ሰፋው። በሌላው ጫፍ ተንበርክኬ እኔም ሰፋሁ። ጣቶቼ ቆሳስለው ይህን ብዕር እንኳ በወጉ አልያዝኩትም።

የሰኔው ዝናብ ሦስት ቀን ሙሉ ሲወርድ ሰነበተ። ዛሬ ጠዋት ሲያባራ እማሆይ ወረዱ። ከኋላቸው ተከተልኩ። በሩ ደረሱ፣ ተሳለሙ፣ ተመለሱ። በረንዳው ሥር ሲደርሱ ቆም ብለው፣ «ኧረ ጥሩዬ፣ የጠገንሽው የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

ጌትዬ፣ ደግ ደጉን እየመረጡ የሚያስታውሱህ ሞልተዋል፤ እሱን ለእነሱ ትቼዋለሁ። እኔ የማስታውስህ ሙሉውን ነው፤ ዛሬ ነገ ማለትህንም፣ አኩርፈህ መዋልህንም፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ሰብስበህ፣ እናትህን በጀርባህ አዝለህ፣ እሳቸው «ልትጥለኝ ነው!» እያሉ ሲጮኹ እየሳቅህ በዚያ ማጥ ውስጥ እስከ በሩ ማድረስህንም። እስትንፋሴ እስካለ ድረስ አንተ ለእኔ ይኼ ነህ። አፈሩን ያቅልልህ።

ባለቤትህ፣
ጥሩወርቅ